አምሮት አይከለከልም

በስሟ የሚጠራት ሰው ካለ እናቷ ብቻ ናት። ለሌላው ሁሉ ቀሊሏ ናት። ስሙን ያወጡላት የፀጉር ቤቱ ደንበኞች ናቸው፤ እጇ ቀሊል ስለሆነ። ስትጎነጉን አታሳምም፣ ስታጥብ አትቧጥጥም፣ የተቋጠረ ፀጉር ስትፈታ ሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጓንት የሚባል ነገር አጥልቃ አታውቅም። ቀለሙንም ማለስለሻ ክሬሙንም በባዶ እጇ ነው የምትቀባው። ጓንት ፀጉር ይጎትታል፣ ክሬሙ መያዝ አለመያዙንም አያሳውቅም ባይ ናት። ደንበኞቹም ቢሆኑ ጓንት ያጠለቀች ሴት ስትቀርባቸው፣ ምን ቅማል አየችብን ብለው ይቀየማሉ።

የምትሠራባት ፀጉር ቤት ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ናት። ሦስት ወንበር፣ ሁለት ፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ መታጠቢያ ገንዳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ ያደበዘዛቸው የቆነጃጅት ፎቶዎች። አንዲት መስኮት ነበረቻት፤ እሷንም የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ በምስማር ቸንክራታለች። የመንገዱ አቧራ እየገባ የተሠራ ፀጉር ያበላሽብኛል ብላ ነው። እናም ስፕሬዩም፣ ክሬሙም፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም፣ የተተኮሰ ፀጉር ጭሱም እዚያችው ክፍል ውስጥ ሲዞር ይውላል። ከውጭ የገባ ሰው ያስነጥሰዋል፤ ውስጥ የዋለ ግን ምንም አይሸተውም። አፍንጫ ሲባል ቶሎ ለማዳ ነው።

ጉዱ የፈላው የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ነው። ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ እሷን መንገድ ማዶ ሆና ያስመልሳታል። ዳቦ ጠላች። ኋላማ ውሃው ሳይቀር ሸተተኝ አለች። ባሏ የገላ ሳሙና ቀየረ፣ የልብስ ሳሙና ቀየረ፣ ራሱን ለመቀየር ትንሽ ነበር የቀረው። በዚህ ሁሉ መሀል ሆዷን የሚያረጋጋላት አንድ ሽታ ብቻ ተገኘ፤ ያውም ወርቅማ ክዳን ያለው የፀጉር ስፕሬይ።

መቼም ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል ነውር ነው። እሷ አማረኝ ካለች ጨረቃም ቢሆን መሰላል ተፈልጎ ይወርድላታል እንጂ የለም አትባልም። ከተከለከለች ያማራት ነገር ልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ይባላል፤ ማን ደፍሮ ይፈትነዋል? እትዬ ደግሞ አራት የወለደች ናት፣ አምሮትን ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ስፕሬዩን ፎጣ ላይ ነፋ ነፋ ታደርግና ትሰጣታለች። ቀሊሏም ፎጣውን አፍንጫዋ ላይ ደግፋ እፎይ ትላለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ባሏ ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሲወድ ልክ የለውም። አንዱን ቆርቆሮ ስፕሬይ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ወርቅ የገዛ ይመስል ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ስትተኛ ትራሷ ላይ ይረጭላታል። እሱ ራሱ ያስለዋል፣ ግን አፉን በአንሶላ ይይዝና ዝም ይላል። ቆርቆሮው ሲያልቅም አልጣለውም፤ አናቱን ቆርጦ የጎማ ቀለበቶቹን የሚያስቀምጥበት ዕቃ አደረገውና መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። የልጄ መታሰቢያ ነው ይል ነበር።

ቀሊሏ ወንድ ወለደች። ልታርሳት የመጣችው አማቷ ነበረች፤ አምስት ወንዶች ያሳደገች፣ አፏም እጇም የማያርፍ ሴት። ሕፃኑን ልታጥብ ስትፈታው ደንግጣ ቆመች። ሸለፈቱ ግማሹ የለም፤ ከላይ በኩል ብቻ እንደ ቆብ ተሰብስቧል፣ ከታች ባዶ ነው። አገላብጣ አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። ተገርዞ ነው የተወለደው፤ መልአክ ነው የገረዘው አለች። እንዲህ ያለ ልጅ አለ ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማ ነበር፤ በዓይኗ ግን አይታ አታውቅም። እሱም በገዛ ልጇ ቤት ተገኘላት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባለሱቁ ሰማ፣ ልብስ ሰፊዋ ሰማች፣ ከላይ ፎቅ ያሉት ከማንም ጋር የማይነጋገሩት ባልና ሚስት ሳይቀሩ ሊያዩት ወረዱ። ልጁ ምርቁ ተባለ። ልጅ የታመመባት እናት መጥታ የሱን ግንባር ነክታ ትሄዳለች። ክትባት የምትሰጠው ነርስ ጭኑን እንጂ ሌላውን አላየችም። ቢላ አያስፈልገውም ተብሎም ማንም የግርዛት ነገር አላነሳም። ቀሊሏም ደስ ብሏት ኖረች፤ ምርቅ ልጅ ወልዳ የማይደሰት ማን አለ?

ምርቁ አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ አካባቢ አባትየው፣ ወንድ ልጅ ቆሞ ነው የሚሸናው ብሎ ሊያስተምረው ጓሮ ወሰደው። ልጁ እንደ አባቱ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ። ሽንቱ ግን ወደ ፊት አልሄደም፤ ወደ ታች ወርዶ ጫማው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከሩ፣ ያው ነው። ልጁ አለቀሰ። አባትየው ተንበርክኮ አየው፣ ጫማውን አጠበለት፣ አቅፎት ገባ። ምሳ ላይ ለሚስቱ፣ መልአኩ ቀዳዳውን ቦታ ስቶ ነው የከፈተው አላት። ሊያስቃት ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም። ከመዋዕለ ሕፃናት ሱሪውን እያረጠበ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የዚያን ቀን ገባቸው። ከልጆች ፊት መሽናት ፈርቶ ይዞት ይውል ነበር።

ሐኪም ቤት ሦስቱም ልጁን ይዘው ሄዱ፤ አማቷን ቅሪ የሚላት የለም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ልጁን እያጫወተች አየችውና ነገሩን በማይከብድ ቃል አስረዳቻቸው። የሽንት ቱቦው እስከ ጫፉ መድረስ ሲገባው ከታች በኩል ቀርቷል። ቆዳውም ከሥር ሳይገጥም ቀርቷል፤ የተገረዘ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ የሚሆነው በእናቱ ሆድ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አካሉ በሚሠራበት ጊዜ ነው። በቀዶ ጥገና ይስተካከላል። ደግነቱ፣ አለች፣ ማንም አልገረዘውም፤ ለጥገናው የሚያስፈልገው ያ ከላይ ያለው ቆዳ ነው።

አማቲቱ እስከዚያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ይህን ስትሰማ ቀና አለችና፣ ታዲያ እንዳይነካ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም ወይ አለች። ሐኪሟ ሳቅ አለች። አባትየውም፣ ቧንቧ ነው እንግዲህ፣ ይሠራል አለና የልጁን ራስ ዳበሰ።

ሐኪሟ ቀጥላ በዘር ያለባችሁ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ የለም። መድኃኒት ወስደሽ ነበር? አልወሰድኩም። ሥራሽስ? ቀሊሏ ሥራዋን ተናገረች። እግረ መንገዷንም የፎጣውን ነገር፣ የትራሱን ነገር እንደ ቀልድ አጫወተቻት። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

ሰውነት ለራሱ መልእክት የሚልክባቸው ነገሮች አሉ፣ ሆርሞን የምንላቸው አለች። ፅንሱ ሲሠራ፣ እዚህ ጋ ክፈት፣ እዚህ ጋ ግጠም የሚሉት እነሱ ናቸው። ስፕሬይና ሽቶ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ውስጥም ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች መልእክተኛውን መስለው ይገባሉ፣ ወይም መልእክቱ እንዳይደርስ ያፍኑታል። በስፕሬይ መሀል በሚውሉ እናቶች ልጆች ላይ ይህ ችግር በዛ ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ።

«እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች ቀሊሏ።

«እንደዚያ ማለት አልችልም፤ ማንም ሊል አይችልም» አለቻት ሐኪሟ። «ስፕሬይ ሳይነኩ እንዲህ የወለዱ አሉ፣ ሲነኩት ኖረው ጤነኛ የወለዱም ብዙ ናቸው። ያለፈውን ተይው። አሁን እርጉዝ ነሽ?»

ሁለት ወሯ ነበር። ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አማቲቱ ለኔ ሳይነገረኝ ብላ ልትቆጣ ነበር፤ የምራቷን ፊት አይታ ተወችው። ሐኪሟም እነዚህ ወራት ዋናዎቹ ናቸው፣ ከስፕሬዩና ከክሬሙ ራቂ፣ ካልሆነልሽ ጓንት አጥልቂ፣ መስኮት ክፈቱ አለቻት። መስኮት ስትል ቀሊሏ ምስማሮቹ ትዝ አሏት። ያልተናገረችው አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ያ ሽታ እንደገና አምሯታል። ዘንድሮ ደግሞ ብሶባታል።

ቤት ሲገቡ ባሏ ቀጥታ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደ። ያንን ቆርቆሮ አወጣ፣ የጎማ ቀለበቶቹን ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው፣ ቆርቆሮውን በመዶሻ ጠፍጥፎ ቆሻሻ ገንዳ ጣለው። ተመልሶ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀሊሏ አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ለቀመች። እኔ አማረኝ ባልል አንተ ከየት ታመጣው ነበር አለችው። ወዶኝ ነው ብላ የተኛችበት ትራስ ነው። አሁንም ያው ወደኸኝ ነው እላለሁ አለችው።

ከዚያ አማቲቱ ሕግ አወጣች። ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። ልጁ ሐኪም ቤት የሚተኛው ጉሮሮውን ታሞ ነው፣ በቃ። ዝም አይነቅዝም። እውነት ለመናገር ግማሹ የራሷ እፍረት ነው፤ ሰፈር ያዳረሰችውን ወሬ በምን አፏ ትመልሰው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ግማሹ ግን ለልጁ ነው። ዛሬ ምርቁ ያሉት ልጆች ነገ ሌላ ስም ያወጡለታል፣ ያ ስም ደግሞ እስኪያረጅ አይለቀውም አለች። ይህ እውነት ነው። ቀሊሏም እሺ አለች።

ፀጉር ቤት ሄዳ ወገቤን አመመኝ አለች። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ስጡኝ፣ ጉንጉንና እጥበት ብቻ ልሥራ ብላ ለመነች። እትዬ አጉረመረመች፣ ግን እጀ ቀሊል እንደ ልብ አይገኝም፣ ፈቀደች። ክሬሙና ስፕሬዩ ለሌላዋ ሠራተኛ ተላለፈ። ይህች ሠራተኛ ካገባች ገና ዓመት ያልደፈነች ልጅ ናት፣ ሙሽሪት ይሏታል። ያቺን ወርቅማ ክዳን በእጇ ስትይዝ ሹመት ያገኘች ያህል ደስ አላት። እንደ ቀሊሏ ልሁን ብላም ጓንቷን አውልቃ ጣለች። ቀሊሏ ይህን አይታ ጓንትሽን አጥልቂ እንጂ አለቻት። ሙሽሪት፣ አንቺ መቼ አጥልቀሽ ታውቂያለሽ ብላ ሳቀችባት። ቀሊሏ ወደ በሩ ተመልሳ ስትጎነጉን ዋለች። ልጅቷ አዲስ ሙሽራ ናት፣ ዛሬ ነገ ታረግዛለች ብላ ብትሰጋም ያማቷ ሕግ ሕግ ነው ብላ ዋጠችው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። የምርቁ ቀጠሮም ደረሰ፤ ሊሠራለት የቀሩት ቀናት ነበሩ። በአንዱ ቅዳሜ ፀጉር ቤቷ ጢም ብላ ሞልታለች። አማቲቱም የዘመድ ሠርግ ነበረባት፤ ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር ተቀምጣለች። ሙሽሪት ክሬም እየቀባች ሳለ ድንገት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ገንዳው ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። እትዬ አንዴ አይታ አወቀች። ምሥራች አለች። ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ሙሽሪት አፍራ፣ ሁሉ ነገር እንደሚሸታት፣ ይህ ስፕሬይ ብቻ ግን እንደማያስጠላት ተናገረች።

እትዬ ከመደርደሪያው ፎጣ አወረደች። ስፕሬዩን ነፋ ነፋ አደረገችበት። የዚህን ፎጣ ነገር ለኔ ተዪው፣ እኔ አውቀዋለሁ አለች። ቀሊሏ ምርቁን ስታረግዝ በዚሁ ነበር የከረመችው። ይህን እያሸተተች ያንን መልአክ የገረዘውን ልጅ ወለደች። አሽትቺ፣ ላንቺም እንደሱ ያለውን ይስጥሽ ብላ ዘረጋችላት። አንዷ ደንበኛ፣ ለኔም ልጅ ትንሽ ንፊልኝ፣ እሷም መውለጃ ወሯ ገብቷል ስትል ሁሉም ሳቀ። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

ቀሊሏ በሩ አጠገብ ያንዲት ሴትዮ ጉንጉን ይዛ ቆማለች። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀችና፣ ዛሬ እጅሽ ከበደ አለቻት። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። የጀመረችውን ጉንጉን ለቀቀችው፤ ተበተነ። ሄዳ ፎጣውን ከሙሽሪት አፍንጫ ላይ ወሰደችው።

እትዬ ተቆጣች። «ምን ሆንሽ? አምሮት አይከለከልም። ልጇ ላይ ቢወጣስ?»

«በልጅ ላይ ሲወጣማ…» ብላ ቀሊሏ ጀመረችና አቋረጠችው። የሕክምናው ቀን መጣባት፣ ልጆቹ የሚያወጡት ስም መጣባት። ዓይኗ ወደ ካስኩ ሄደ።

ካስክ ሥር ያለ ሰው ጩኸቱ ስለሚደፍነው ብዙ አይሰማም። አማቲቱ ግን የሚታየውን አይታለች፤ ፎጣውን፣ የሙሽሪትን ፊት፣ የምራቷን ወደ እሷ መዞር። ነገሩን ለመረዳት መስማት አላስፈለጋትም። ካስኩን በሁለት እጇ ወደ ላይ ገፍታ ብድግ አለች። ግማሹ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ አንዱ ቢጉዲን ተፈትቶ ጆሮዋ ላይ ይወዛወዛል።

«ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ፣ የምሰበስበውም እኔ ነኝ» አለች። «የልጅ ልጄን መልአክ አልገረዘውም። ሆድ ውስጥ ሳይጨርስ ነው የተወለደው። ቆሞ መሽናት አይችልም። በዚህ ሳምንት በቢላ ሊጠገን ነው፤ ጉሮሮውን አሞት አይደለም።»

ካስኩ ባዶውን ይጮሃል። እትዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ አራት ወልጄ አራቱም ደህና ናቸው አለች፤ ለክርክር ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ነበር የምትመስለው። ቀሊሏም ሐኪሟ ያለቻትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ከስፕሬዩ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ማንም እርግጠኛ አይደለም። አንቺንም አልወቅስሽም፣ ፎጣውን ያቀበልሽኝ ለኔ ብለሽ ነው አለቻት ለእትዬ። «ግን ያኔ አውቄ ቢሆን ኖሮ አላሸትም ነበር። እሷ ደግሞ ገና ጊዜ አላት።»

ሙሽሪት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እንባዋ መጣ። ሆዷ ደግሞ ምክር አይሰማም፣ እንደገና ሊያስመልሳት ይተናነቃታል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ አማረኝ አለች እንደ ሕፃን። አማቲቱ ቦርሳዋን ከፍታ ሎሚ አወጣች፤ በዚህ ዕድሜዋ ያለ ሎሚ ከቤት አትወጣም። ቢላ ስላልነበረ በፀጉር መቀስ ለሁለት ሸረከተችውና ግማሹን ሰጠቻት።

ሙሽሪት አሸተተችው። «እሱን አይመስልም» አለች።

«አይመስልም» አለች ቀሊሏ። «ምንም አይመስልም። እኔም እሱ ካማረኝ ይኸው ሦስተኛ ወሩን ይዟል።»

ሁሉም ዞረው ሆዷን አዩት። እሷ የቀረውን ግማሽ ሎሚ ከአማቷ እጅ ወሰደች፣ ከሙሽሪት ጎን ተቀመጠችና አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። እትዬ ቀና ብላ የቸነከረቻትን መስኮት አየች።

«ያ ቧንቧ ሠሪ ባልሽ ምስማር መንቀያ አለው?» አለች።